ሲቪሉና ወታደሩ አንድ ክፍል ውስጥ፦ ስለ አውሮፓ የጸጥታና የመከላከያ ኮሌጅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች፣ አዲስ አበባ ውስጥ አፍሪካ ኅብረት አካባቢ የሚሠሩ ሰዎች፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚያጠኑ ተማሪዎች ስለዚህ ኮሌጅ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርገን እንመልሳቸው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮሌጁ ምንድን ነው? ግቢውስ የት ነው?

ሲቪሎችንና ወታደሮችን ለአውሮፓ ኅብረት የጋራ የጸጥታና የመከላከያ ፖሊሲ፣ ማለትም ኅብረቱ ወደ ውጭ ተልዕኮ ለሚልክበት ሥራ፣ አንድ ላይ የሚያሰለጥን ተቋም ነው። ግቢ ግን የለውም። በር ላይ ዘበኛ፣ ሜዳ ላይ ሰልፍ፣ የተማሪ ማደሪያ የሚባል ነገር የለም። ኮሌጁ የራሱ ያለው ብራስልስ ውስጥ አንድ አነስ ያለ ጽሕፈት ቤት ነው። የማስተማሩን ሥራ የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ ተቋማት ናቸው፤ የጦር አካዳሚዎች፣ የፖሊስ ማሰልጠኛዎች፣ የዲፕሎማት ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጥናት ማዕከላት። ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ነው። ኦስትሪያ ቪነር ኖይሽታት ውስጥ ያለው በ1751 የተመሠረተ የጦር አካዳሚ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስዊድን ያለው የፎልኬ በርናዶቴ አካዳሚም እንዲሁ። በነገራችን ላይ በርናዶቴ በ1948 የተባበሩት መንግሥታት አደራዳሪ ሆኖ ኢየሩሳሌም ውስጥ የተገደለ ስዊድናዊ ነው።

ኮሌጁን ያቋቋመው የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ነው፤ ሐምሌ 18 ቀን 2005። ኮርሱ ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደሚሰጥና ማን እንደሚሰጠው የሚወስነው ከእያንዳንዱ አባል አገር አንድ አንድ ተወካይ የሚቀመጥበት አመራር ኮሚቴ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ያስተባብራል፣ ያዛምዳል፣ ቀን ይቆርጣል። እንግዲህ ኮሌጅ ሲባል ሕንፃ የሚታየው ሰው እዚህ ላይ ሐሳቡን ማስተካከል አለበት።

የጋራ የጸጥታና የመከላከያ ፖሊሲ የሚባለውስ? አውሮፓ የጋራ ጦር አላት ማለት ነው?

የላትም። ኅብረቱ የራሱ ወታደር የለውም። አንድ ቦታ ተልዕኮ ለመላክ ሲፈልግ አባል አገራትን ሰው ይጠይቃል። የፈለገ ይሰጣል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ተልዕኮው እንዲጀመር ግን ሁሉም መስማማት አለባቸው።

የነገሩ መነሻ የባልካን ጦርነት ነው። በ1990ዎቹ ዩጎዝላቪያ ስትፈራርስ አውሮፓ ጎረቤቷ ሲቃጠል ቆማ አየች። በመጨረሻ እሳቱን ለማጥፋት የመጣችው አሜሪካ ናት። ያ ነገር ብዙ መሪዎችን አሳፍሯል። በታኅሣሥ 1998 የብሪታንያውና የፈረንሳዩ መሪዎች ቶኒ ብሌርና ዣክ ሺራክ ሳን ማሎ በምትባል የፈረንሳይ ወደብ ተገናኝተው ኅብረቱ በራሱ መንቀሳቀስ የሚችል ወታደራዊ አቅም ሊኖረው ይገባል አሉ። በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ የኅብረቱ ፖሊሲ ሆነ። የአሁኑን ስሙን ያገኘው የሊዝበን ውል ታኅሣሥ 1 ቀን 2009 ሥራ ላይ ሲውል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተልዕኮዎች በ2003 ጀመሩ። ጥር ላይ ፖሊሶች ቦስኒያ ገቡ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ወታደሮች መቄዶንያ ገቡ። ሰኔ ላይ ደግሞ በፈረንሳይ የሚመራ ጦር ኮንጎ ውስጥ ቡኒያ የምትባል ከተማ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከ40 የማያንሱ ተልዕኮዎች ተልከዋል። ሲቪልም፣ ወታደራዊም።

ለምን አንድ ላይ ይሰለጥናሉ? ወታደሩ ወታደር ቤት፣ ሲቪሉ ሲቪል ቤት ቢማር አይሻልም?

የኮሌጁ ነገር ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

አንድ ምሳሌ ከራሳችን ሰፈር እናምጣ። በታኅሣሥ 2008 የኅብረቱ የባሕር ኃይል ዘመቻ፣ አታላንታ፣ የሶማሊያን የባሕር ላይ ዘራፊዎች ለመከላከል ሥራ ጀመረ። መርከቦቹ የዓለም ምግብ ፕሮግራምን እህል የጫኑ መርከቦችን ያጅባሉ። ሲመስል ቀላል የባሕር ኃይል ሥራ ነው። ግን የጦር መርከብ ዘራፊዎችን ሲይዝ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የት ነው የሚዳኙት? ሶማሊያ ውስጥ በወቅቱ የሚያስተማምን ፍርድ ቤት አልነበረም። ጀርመን ወይም ስፔን ይወሰዱ? ይለቀቁ? የመርከቡ አዛዥ ይህን ሊመልስ አይችልም። የሕግ ባለሙያ ያስፈልገዋል፣ ዲፕሎማት ያስፈልገዋል፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ፖሊስ ያስፈልገዋል። በመጨረሻ ኅብረቱ በ2009 ከኬንያና ከሲሸልስ ጋር ተጠርጣሪዎችን የማስተላለፍ ስምምነት አደረገ። ማለት፣ ባሕር ላይ የተጀመረው ሥራ ያለቀው ሞምባሳ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው።

አሁን እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የተዋወቁት ዘራፊው እጅ ከፍንጅ ተይዞ መርከብ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቢሆን አስቡት።

ችግሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ የሚያስቡበት መንገድ ራሱ የተለያየ ነው። ወታደር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ግቡ ምንድን ነው? መቼ ያልቃል?» ብሎ ነው። ዲፕሎማቱ ደግሞ ቀኑን ሆን ብሎ ክፍት ሊተወው ይፈልጋል። ምክንያቱም 27 አገር ሊስማማ የቻለው ለስለስ ባለ ሐረግ ላይ ብቻ ነው። ፖሊሱ «የማሰር ሥልጣን አለን ወይ? ካሰርንስ የት እናስገባለን?» ይላል። የእርዳታ ሠራተኛው በበኩሉ መኪናው ከወታደር መኪና ጎን ቆሞ መታየቱን አይወድም፣ ነገ መንደሩ ውስጥ ሲገባ በጥርጣሬ ስለሚታይ። ሁሉም ትክክል ናቸው። ቀድመው ካልተናበቡ ግን ተልዕኮው ላይ ሆድና ጀርባ ይሆናሉ።

ኮርስ ውስጥ በትክክል ምን ይሠራል?

እንደ ኮርሱ ይለያያል። አብዛኛው በኦንላይን ንባብ ይጀምራል። ኢሊያስ የሚባል የመማሪያ መድረክ አለ፤ ተሳታፊው ኮርሱ ቦታ ላይ ከመድረሱ በፊት አጫጭር ክፍሎችን አንብቦ ፈተና ይወስዳል። የመጀመሪያው ክፍል ታሪክ ነው፣ ፖሊሲው ከየት መጣ የሚለው። ይህ የሚደረገው ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ተቀራራቢ ዕውቀት ይዞ እንዲቀመጥ ነው። አንዱ ሃያ ዓመት ብራስልስ የሠራ፣ ሌላው ትናንት ከክፍለ ጦሩ የመጣ ሊሆን ይችላላ።

ከዚያ ገለጻዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር ገለጻው ብዙ ጊዜ ስላይድ ነው፣ ስላይድ ደግሞ የትም አገር ስላይድ ነው። ዋናው ነገር የቡድን ሥራው ነው። የምናብ አገር ይሰጣል፣ ቀውስ ይፈጠራል፣ ቡድኑ ተልዕኮ ያቅዳል።

እቅዱ በደረጃ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የቀውስ አስተዳደር ጽንሰ ሐሳብ የሚባል ወረቀት አለ። ችግሩ ምንድን ነው፣ ኅብረቱን ምን አገባው፣ ምን ለማድረግ ይፈልጋል የሚለውን ይመልሳል። አባል አገራት ሲስማሙበት ወደ ምክር ቤቱ ውሳኔ ይኬዳል። ቀጥሎ ኮንኦፕስ የሚሉት ይመጣል፤ ሥራው በጥቅሉ እንዴት እንደሚሄድ ያሳያል። በመጨረሻ ኦፕላን አለ። ኦፕላን ላይ ቀልድ የለም። ስንት ሰው፣ ስንት መኪና፣ ማን ለማን ሪፖርት ያደርጋል፣ የቆሰለ ሰው በስንት ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይደርሳል፣ ስልኩ የት ይሠራል።

የቡድን ሥራው ላይ የግሪክ የባሕር ኃይል መኮንን፣ የፊንላንድ ፖሊስ፣ የፖርቱጋል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጠበቃና የአውሮፓ ኮሚሽን የእርዳታ ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ሊከቡ ይችላሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ቀን ቢጨቃጨቁ አይገርምም። «ሲቪሎችን መጠበቅ» ሲባል ወታደሩ ጥይት ሲተኮስ መሐል መግባትን ያስባል። ጠበቃው በውሳኔው ላይ የተጻፈውን ሥልጣን ያያል። እርዳታ ሠራተኛው ምግብና መጠለያ ማለት ነው ይላል። ይህ ጭቅጭቅ ነው ትምህርቱ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ የታወቀ ደንብ አለ። የተባለውን ይዘህ መውጣት ትችላለህ፤ ማን እንዳለው ግን አትናገርም። ስለዚህ ሰው አፉን ይፈታል።

ምን ምን ዓይነት ኮርሶች አሉ?

ብዙ ናቸው። ሁለቱ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛው መግቢያ ኮርስ ነው፤ ጥቂት ቀን የሚወስድ፣ ለአዲስ ሰው የሚሆን። ሁለተኛው የከፍተኛ ኃላፊዎች ኮርስ ነው። ይህኛው በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ለበርካታ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሳምንት ገደማ እየሆነ፣ በተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች ይካሄዳል። ተሳታፊዎቹ አምባሳደሮች፣ ጄኔራሎችና ኮሎኔሎች፣ የፖሊስ አዛዦች፣ የሚኒስቴር ዳይሬክተሮች ናቸው። አብረው ይጓዛሉ፣ አብረው ይበላሉ። ከዓመታት በኋላ አንዱ ለሌላው ስልክ ሲደውል ራሱን ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። የኮሌጁ ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል፤ ከየትኛውም መማሪያ ጽሑፍ በላይ።

ሌሎቹ በርዕስ የተለዩ ናቸው። ሰብዓዊ መብት፣ የዓለም አቀፍ ሰብዓዊ ሕግ፣ የጸጥታ ዘርፍ ማሻሻያ፣ የሥርዓተ ፆታ አማካሪነት፣ ድርድርና ሽምግልና፣ የባሕር ደህንነት። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለሳይበር ብቻ የቆመ የስልጠና መድረክ አለው።

ወጣት መኮንኖችስ?

ለእነሱ ሌላ መንገድ አለ። በ2008 ፈረንሳይ የኅብረቱን ተራ ፕሬዚዳንትነት ይዛ ሳለ የመከላከያ ሚኒስትሮቹ የወጣት መኮንኖች ልውውጥ እንዲጀመር ተስማሙ። ሰዎች ወታደራዊ ኢራስመስ ይሉታል፤ ከታወቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልውውጥ የተቀዳ ስለሆነ። አንድ የፖላንድ እጩ መኮንን ጣሊያን ሄዶ ይማራል፣ ጣሊያናዊው ኦስትሪያ ይሄዳል። ያገኙትን ነጥብ የራሳቸው አካዳሚ ይቆጥርላቸዋል።

በአንድ ወቅት አባቶቻቸው ወይም አያቶቻቸው በሁለት ጎራ ተሰልፈው የነበሩ ወጣቶች ናቸው።

በግሌ ማመልከት እችላለሁ? ትውልዴ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ፓስፖርቴ ስዊድናዊ ነው።

ፓስፖርቱ ያስገባል፣ ትውልድ አይከለክልም። ግን በአብዛኛው በግል ፎርም ሞልቶ የሚገባበት ነገር አይደለም። ቦታው የሚሰጠው በመሥሪያ ቤት በኩል ነው። እያንዳንዱ አባል አገር የሚመድባቸው እጩ አቅራቢዎች አሉ። እነሱ ስምዎን ካላሳለፉ የተመዘገቡት አይጸድቅም። ስለዚህ ስዊድን ውስጥ ፖሊስ፣ ወታደር፣ ዓቃቤ ሕግ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ መጀመሪያ አለቃዎን ይጠይቁ፤ ቀጥሎ ስቶክሆልም ውስጥ ጉዳዩን የያዘውን ክፍል። የኅብረቱ ተቋማት ሠራተኛ ከሆኑ በተቋምዎ በኩል ነው።

የኅብረቱ ዜጋ ላልሆኑም በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። እንደ ኮርሱ ዓይነት እጩ አገሮች፣ ሌሎች አገሮችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰው እንዲልኩ ይጋበዛሉ። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ጋዜጠኞችም አንዳንዴ ይጠራሉ። የኮርሱ ማስታወቂያ ላይ ለማን ክፍት እንደሆነ ይጻፋል። እሱን ሳያዩ መድከም ትርፉ ድካም ነው።

የመማሪያ ቋንቋው በብዛት እንግሊዝኛ ነው፣ አልፎ አልፎ ፈረንሳይኛ። ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው በቡድን ሥራው ላይ ይዋጣል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

ክፍያ አለው?

የትምህርት ክፍያ በአብዛኛው የለም። የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴልና ውሎ አበል ግን የላኪው መሥሪያ ቤት ዕዳ ነው። ኅብረቱ ውስጥ የቆየ ደንብ አለ፤ ወጪው በወደቀበት ይቀራል። ላኪው አገር ከፋይ ነው፣ አስተናጋጁ ተቋምም የራሱን ይችላል። አንዳንድ አገር ሰው ለመላክ ዳር ዳር የሚለው በዚህም የተነሳ ነው።

ሰርተፍኬቱ ምን ያስገኛል?

የተሳትፎ ሰርተፍኬት ነው። ኅብረቱ ሁሉ የሚያውቀው፣ የውጭ ጉዳይ ከፍተኛ ተወካዩ ፊርማ ያለበት። ዲግሪ አይደለም፣ ደረጃም አይጨምርም። ለተልዕኮ ሲያመለክቱ ግን ፋይልዎ ውስጥ ቢገኝ አይጎዳም።

ወደ ተልዕኮ ለሚሄዱ ሰዎች ምን ይሰጣል?

ቅድመ ስምሪት ስልጠና አለ። ጥቂት ቀን ነው፣ በብዛት ብራስልስ ውስጥ። የተልዕኮው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ የሚሄዱበት አገር ሁኔታ፣ የሥነ ምግባር ደንብ፣ ከኤምባሲውና ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር እንዴት እንደሚሠራ ይነገራል።

ከዚህ ሌላ አደገኛ አካባቢ ላይ ራስን ስለ መጠበቅ የሚሰጥ ስልጠና አለ። ይህኛው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያልቅ አይደለም። ኬላ ላይ የታጠቀ ልጅ ሲያስቆም እጅን የት ማድረግ፣ ፈንጂ ያለበት መሬት ውስጥ መኪና ከገባ እንዴት መውጣት፣ ደም እንዴት ማቆም፣ ታግቶ ቢወሰዱ እንዴት መቆየት። አሰልጣኞቹ ድንገት ከየት መጡ ሳይባል ጭንቅላት ላይ ከረጢት አጥልቀው ሰልጣኙን «ያግቱታል»። ለወታደሩ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ከሊዝበን ለመጣ የንግድ ሕግ ዳኛ ግን ጨዋታ አይደለም።

የተዘጋጀ ሰው ጥቅም የታየው ጆርጂያ ላይ ነው። በነሐሴ 2008 ሩሲያና ጆርጂያ ተዋጉ። ኅብረቱ መስከረም 15 ቀን ያልታጠቁ ታዛቢዎች እንዲላኩ ወሰነ። ጥቅምት 1 ቀን ከ200 በላይ ሰዎች መሬት ላይ ነበሩ። ብራስልስ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማጽደቅ የሚወስደውን ጊዜ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተአምር ነው። ከየአገሩ የመጡት ታዛቢዎች አንዳንዱ የቀድሞ ፖሊስ፣ አንዳንዱ የቀድሞ ወታደር፣ አንዳንዱ ደግሞ ንጹህ ሲቪል ነበር። በአንድ መኪና ውስጥ ሆነው ነው ቅኝት የሚወጡት።

ከኔቶ ስልጠና በምን ይለያል?

ኔቶ የጦር ቃል ኪዳን ነው፤ ሮም ውስጥ የራሱ የመከላከያ ኮሌጅ አለው፣ ሕንፃም ግቢም ያለው። ትኩረቱ ወታደራዊ ነው። የአውሮፓው ኮሌጅ ከመነሻው ሲቪሉንና ወታደሩን እኩል ለማስቀመጥ የታሰበ ነው። ብዙዎቹ አገሮች የሁለቱም አባል ስለሆኑ አንዱ መኮንን በሁለቱም ሊያልፍ ይችላል።

ይሄ ሁሉ ኢትዮጵያን ምን አገባው?

ያገባታል፣ ያውም ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ። ኮሌጁ በተቋቋመባት በዚያችው ቀን፣ ሐምሌ 18 ቀን 2005፣ ምክር ቤቱ ሌላም ውሳኔ አጽድቋል። በዳርፉር ለተሰማራው የአፍሪካ ኅብረት ኃይል ድጋፍ የሚሰጥ፣ ሲቪልና ወታደራዊ ተብሎ በግልጽ የተሰየመ ተግባር። የዳርፉሩ ኃይል የሚመራው ከአዲስ አበባ ነበር። ስለዚህ የአውሮፓ መኮንኖችና የፖሊስ አማካሪዎች አዲስ አበባ ላይ ከአፍሪካ ኅብረት ሰዎች ጋር ተቀምጠው እቅድ ያቅዱ ነበር፣ ገንዘብና የአየር ማጓጓዣም ያመቻቹ ነበር።

እዚያ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር ተፈጠረ። የአፍሪካ ወታደሮችን ወደ ዳርፉር የሚያጓጉዙትን አውሮፕላኖች ማን ያስተባብር በሚል ኔቶና የአውሮፓ ኅብረት ተሻሙ። አልተግባቡምና ሁለቱም በየፊናቸው አስተባበሩ፤ አንዱ ከኔዘርላንድስ፣ ሌላው ከቤልጂየም። ሁለቱን ማገናኘቱ አዲስ አበባ ላለው የአፍሪካ ኅብረት ቢሮ ተረፈው። ሁለቱም ድርጅቶች ውስጥ ያሉት አገሮች በአብዛኛው ተመሳሳይ መሆናቸውን አስታውሱ። ተናቦ መሥራት የሚለው ነገር ለምን ስልጠና እንደሚያስፈልገው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያ በኋላም ግንኙነቱ አልተቋረጠም። ከ2010 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የሶማሊያ ወታደሮችን ያሰለጥናል። መጀመሪያ ኡጋንዳ ቢሃንጋ ውስጥ፣ ከ2014 ጀምሮ ሞቃዲሾ። በዚያው 2014 ጥር ላይ የኢትዮጵያ ወታደሮች የአፍሪካ ኅብረትን የሶማሊያ ተልዕኮ ተቀላቅለዋል። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ደግሞ አስፒደስ የሚባል የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ዘመቻ ቀይ ባሕር ላይ የንግድ መርከቦችን ያጅባል። የአገራችን ዕቃ በጅቡቲ በኩል የሚገባ እንደመሆኑ፣ ስለ ዘመቻው ባንሰማም ዋጋውን መርካቶ ላይ እናየዋለን።

የውጭ አሰልጣኝ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ሆለታን የጀመሩት የስዊድን መኮንኖች ናቸው። የሐረር አካዳሚ ደግሞ በሕንድ መኮንኖች እጅ ነበር። ያኔ ግን የሚሰለጥነው መኮንን ብቻ ነው። ሲቪሉ በነገሩ ውስጥ የለም።

አፍሪካስ የራሷ የዚህ ዓይነት ነገር አላት?

አላት፣ ቢያንስ በውል ደረጃ። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት ፕሮቶኮል በ2002 ደርባን ላይ ጸድቋል። አንቀጽ 13 ስለ አፍሪካ ተጠባባቂ ኃይል ይናገራል፤ ኃይሉም ሲቪልና ወታደራዊ ክፍል እንዲኖረው፣ ለሁለቱም የስልጠና መመሪያ እንዲወጣ፣ ስልጠናውም የሰብዓዊ መብትና የሰብዓዊ ሕግ ትምህርትን በተለይም የሴቶችንና የሕፃናትን መብት እንዲጨምር ያዛል። ኮሌጁ ገና አልተወለደም ነበር ያኔ።

የምሥራቅ አፍሪካው ተጠባባቂ ኃይል ጽሕፈት ቤት ናይሮቢ ካረን ሰፈር ነው፤ የሎጂስቲክስ ጣቢያው አዲስ አበባ። በማሰልጠን በኩል የጋናው ኮፊ አናን ማዕከል አክራ ውስጥ አለ፣ ኬንያም ካረን ላይ የራሷ አላት፣ ኢትዮጵያም የራሷ የሰላም ማስከበር ማሰልጠኛ አላት። ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር ብዙ ሠራዊት በማዋጣት ከዓለም አንደኛ ነበረች። በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ባለችው አብዬ በ2011 ኃይል ሲሰማራ የገባው የኢትዮጵያ ጦር ነው። ስለዚህ ልምዱ አለ። የጎደለው ሲቪሉ ወንበር ላይ ነው። ግዳጅ ለሚሄድ ሻለቃ ስልጠና አለው፤ አብሮት ሊሠራ ለሚገባው ዓቃቤ ሕግ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ግን ያን ያህል የታሰበ አይመስልም።

ይሄ ስልጠና በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

ውሃ የሚያነሱ ትችቶች አሉ። ኮርሶቹ አጭር ናቸው። ኮሌጁ ማንንም አያስገድድም፤ አገሮች ሰው ካልላኩ አይልኩም። ከሁሉ የሚከፋው የሰለጠነውና የሚሰማራው ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ሚኒስቴሩ ጊዜ ያለውን ሰው ኮርስ ይልካል፣ ተልዕኮ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ይሄዳል።

በሲቪሉ በኩል ችግሩ ይበልጣል። ወታደር ሙያው ራሱ መሠልጠንና መሰማራት ነው። ክፍለ ጦሩ ሲሄድ የሚተካው አለ። ዳኛ ግን ለአንድ ዓመት ኮሶቮ ሲሄድ ችሎቱ ላይ ያለው መዝገብ ይከመራል፤ የሚቀበለው ባልደረባ ያጉረመርማል፣ ሲመለስም ዕድገቱ አልፎት ሊያገኘው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2018 ስለ ሲቪል ተልዕኮዎች የጋራ ቃል ኪዳን የገቡት፣ በ2023ም ያደሱት፣ ይህን ለማቃለል ጭምር ነው። ስልጠና ብቻውን አይፈታውም፤ የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን የሚለቅበት መላ ያስፈልጋል።

ፖለቲካዊ ፈቃድ ሲጠፋም ኮሌጁ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ማሊ ውስጥ የነበረው የኅብረቱ ወታደራዊ ስልጠና ተልዕኮ ግንቦት 2024 ላይ ተዘግቷል። አሰልጣኞቹ ስላልቻሉበት አይደለም። የባማኮና የብራስልስ ፖለቲካ ስለተለያየ ነው።

ቦታ ባላገኝ ከቤቴ ሆኜ ምን ላንብብ?

ኮሌጁ የሚያዘጋጃቸው መመሪያ መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ፤ እንግሊዝኛ ናቸው። እኔን ከጠየቃችሁ ግን በመጀመሪያ አንድ ተልዕኮ ምረጡና ያቋቋመውን የምክር ቤቱን ውሳኔ ራሱን አንብቡ። የአታላንታን ወይም የዳርፉሩን ብትወስዱ ለእኛ ይቀርባል። ጥቂት ገጽ ነው፣ በኅብረቱ ይፋዊ ጋዜጣ ላይ በሁሉም የኅብረቱ ቋንቋዎች ይወጣል፤ ጣሊያንኛ ወይም ጀርመንኛ የሚቀልለው በዚያው ማንበብ ይችላል። አዛዡ ማን እንደሆነ፣ ሥልጣኑ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል ይነግራችኋል። እያንዳንዱን አንቀጽ ስታነቡ ወታደሩ፣ ጠበቃውና ዲፕሎማቱ የትኛው መስመር ላይ እንደተጨቃጨቁ ለመገመት ሞክሩ። ከሁለት ሦስት ውሳኔ በኋላ ግምቱ እየቀለላችሁ ይሄዳል።